እህልን ስለ ማበጠርና ሰውን ስለ መምረጥ

አንባቢ ሆይ፥ ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ጥያቄ ላቅርብልህ። አንድ የሥራ ቦታ ይዘህ ከብዙ ፈላጊዎች መካከል አንዱን ስትመርጥ፥ የቀሩትን ሁሉ በዚያው ቃልህ ትመልሳለህ። የተመረጠው ደስ ብሎት ይገባልና ስለ ምን እንደ መረጥኸው አይጠይቅህም። የተመለሰው ግን «በምን ጕድለት ተመለስሁ?» ብሎ ቢጠይቅህ የምትሰጠው መልስ አለህን? ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ ነው።

በቀድሞ ዘመን ቀጣሪና ተቀጣሪ ፊት ለፊት ይተያዩ ስለ ነበረ መልሱ ከቀጣሪው አፍ አይርቅም ነበር። ዛሬ ግን ለአንድ የሂሳብ ሠራተኛ ቦታ ማስታወቂያ ቢወጣ፥ በአራት ኪሎ ሰሌዳ ላይ የሚያነበው፥ በጋዜጣ የሚያገኘው፥ በቴሌግራም የሚደርሰው ወጣት እጅግ ብዙ ነው፤ የማመልከቻውም ብዛት አንድ ሰው አንብቦ ከሚጨርሰው በላይ ይሆናል። ስለዚህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው የኮምፒዩተር ጥበብ ለቀጣሪው አንባቢና መራጭ ሆኖ ቀረበ። በውጭ አገር ታላላቅ ድርጅቶች ይህን ከጀመሩ ቈይተዋል። አሁን ግን ታላቅ ድርጅት መሆን አያሻም፤ ስልክና ኢንተርኔት ያለው ነጋዴ ሁሉ ሦስት መቶ ማመልከቻ ለቻት ጂፒቲና ለመሰሎቹ ሰጥቶ «ዐሥሩን ለይልኝ» ሊል ይችላል። መልሱም የተጣደው ቡና ሳይፈላ ይደርሰዋል። እንግዲህ ይህን ማድረግ የተገባ ነውን? የተገባ ከሆነስ ወሰኑ እስከ ምን ድረስ ነው?

፩፤ እህል እንዴት እንደሚፈተን

ነገሩን ከምናውቀው ስፍራ እንጀምር። በመርካቶ፥ በአዲስ ከተማ፥ እህል በረንዳ የተባለውን ገበያ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ከጎጃምና ከአዳ ጤፍ፥ ከአርሲ ስንዴ የጫነ መኪና በዚያ ይራገፋል። ብልህ ገዢ ጆንያውን ከውጭ አይቶ ብቻ አይገዛም። የላዩ ንጹሕ ሆኖ የሥሩ አፈር የተቀላቀለበት እህል እንዳለ ያውቃልና፥ ከጆንያው ሆድ አውጥቶ በመዳፉ ይዘረጋዋል፤ እፍ ይልበታል፤ ስንዴ እንደ ሆነም በጥርሱ ሰብሮ ድርቀቱን ያያል፤ ማኛውንም ከሠርገኛው ይለያል።

በዚህ ገበያ ደግሞ ደላላ አለ። ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ስለ ኢትዮጵያ የእህል ገበያ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2001 ባሳተሙት ጥናት፥ በሩቅ አገር ያለ ነጋዴ ራሱ ሳይመጣ የአዲስ አበባ ደላላ እህሉን እንደሚሸጥለት ጽፈዋል። (ከዚህ በኋላ ዓ. ም. ካላልሁ በቀር ዓመቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ይህን የሚያህል ገንዘብ ላላዩት ሰው እጅ መስጠት እንዴት ተቻለ? ደላላው በስሙ ስለሚታወቅ ነው። አንድ ጊዜ ቢያጭበረብር «ና፥ መልስ ስጥ» የሚለው ሰው አለ፤ መልስ ካጣም እንጀራው ይቋረጣል። በ2008 ደግሞ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተቋቋመ፤ እሌኒም የመጀመሪያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። በዚያም ምርቱ በናሙና ተመርምሮ ደረጃ ይሰጠዋል። ይህም መልካም ሥራ ነው። እህል በደረጃ ቢጠራ አይበደልምና።

ሰውን ግን እንደዚህ ማድረግ ስለ ምን ይከብዳል? በሦስት ነገር። አንደኛ፥ ከጆንያው የወጣ እፍኝ ስለ ጆንያው ይናገራል፤ አንድ ገጽ ወረቀት ግን ስለ ሰው ሁለንተና አይናገርም። ሁለተኛ፥ ሠርገኛ ጤፍ ሲከርም ማኛ አይሆንም፤ ሰው ግን ይማራል፥ ይሻሻላል፥ የተሰጠውም አደራ ራሱ ያሳድገዋል። ሦስተኛ፥ ከሰፌድ የወደቀው ገለባ መውደቁን አያውቅም፤ የተመለሰው ሰው ግን ያውቃል። ወደ ቤቱም ሲገባ እናቱ «ምን አሉህ?» ብላ ትጠይቀዋለች።

፪፤ መሣሪያው እንዴት እንደሚመርጥ

መሣሪያው የሚያነበው ሰውን አይደለም፤ ስለ ሰው የተጻፈውን ወረቀት ነው። የሚመርጥበትም መንገድ በብዛት ሁለት ነው። አንደኛው ቀላል ነው፤ ቀጣሪው የሚሻቸውን ቃላትና መስፈርቶች ይነግረዋል፥ እርሱም እነዚያ የጎደሉበትን ወረቀት ይጥላል። ሁለተኛው ረቂቅ ነው፤ ከዚህ በፊት የተቀጠሩትንና የተመለሱትን ሰዎች መዝገብ ወይም ሌላ እጅግ ብዙ ጽሑፍ ይሰጡታል፤ እርሱም ምን ከምን ጋር አብሮ እንደሚገኝ ቈጥሮ ይማርና አዲሱን አመልካች በዚያ ይለካዋል።

የመጀመሪያው መንገድ ግትር ነው። በ2021 የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤትና አክሴንቸር የተባለው ድርጅት በአሜሪካ፥ በብሪታንያና በጀርመን ከ2,000 የሚበልጡ የድርጅት መሪዎችን ጠይቀው ነበር። ከቀጣሪዎቹ 88 በመቶ የሚሆኑት፥ ከፍተኛ ሙያ ያላቸው ብቁ አመልካቾች ከተጻፈው መስፈርት ጋር በትክክል ስላልገጠሙ ብቻ በመሣሪያው እንደሚወድቁባቸው ተናገሩ። ደግሞም ብዙ ድርጅቶች ከስድስት ወር በላይ ሥራ ያቋረጠውን ሰው መሣሪያው እንዲጥለው እንደሚያዝዙ ታወቀ። አስብ እንጂ! የታመመች እናቷን ያስታመመች ሴት ስድስት ወር ሥራ አቋርጣለች። ለሰው ብትነግረው «ደግ አደረግሽ» ይላታል፤ መሣሪያው ግን ባዶ ቦታ አየና ጣላት።

፫፤ ስለ ሰው አድልዎ

ምናልባት፥ «ሰውስ አያዳላምን? ያገሩን ልጅ፥ የአክስቱን ልጅ፥ እጅ መንሻ ያመጣለትን አይቀጥርምን? መሣሪያው ዘመድ የለው፥ ጉቦ አይበላ፤ ስለ ምን አይሻልም?» ትለኝ ይሆናል።

እውነት ብለሃል፤ ይህን ነገር አቅልሎ የሚያልፍ ሰው በዘመድ ብዛት ሥራ ያገኘ መሆን አለበት። በሌላውም አገር እንዲሁ ነው። በ2004 ማሪያን በርትራንድና ሰንዲል ሙላይናታን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት ያሳተሙት ምርመራ አለ። በቦስተንና በቺካጎ ለሥራ ማስታወቂያዎች 5,000 ያህል የሥራ ልምድ ወረቀቶች ላኩ፤ በአንዳንዱ የነጮች የሚመስል ስም፥ በአንዳንዱ የጥቁር አሜሪካውያን የሚመስል ስም ጻፉ። ሙያው ተመሳሳይ ሳለ፥ የነጭ ስም የተጻፈባቸው 50 በመቶ ያህል የሚበልጥ ጥሪ አገኙ። ይህን ያደረገው መሣሪያ አይደለም፥ ሰው ነው። ደግሞም ሰው ይደክማል፤ ሦስት መቶኛውን ማመልከቻ እንደ መጀመሪያው በትጋት የሚያነብ ጥቂት ነው። መሣሪያው ግን አይራብም፥ አይሰለችም። ይህ የሚናቅ ጥቅም አይደለም።

ነገር ግን መሣሪያው አድልዎ የሌለበት የሚሆነው ከሌላ ዓለም የመጣ ቢሆን ነበር። የተማረው ከእኛው መዝገብ ነው። መምህሩ ያዳላ ከነበረ ደቀ መዝሙሩ ምን ይማራል?

፬፤ የሆኑ ነገሮች

ይህን የምለው በግምት አይደለም። አማዞን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ከ2014 ጀምሮ የአመልካቾችን ወረቀት አንብቦ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ የሚሰጥ መሣሪያ ይሠራ ነበር። መሣሪያው የተማረው በ10 ዓመት ውስጥ ለድርጅቱ ከደረሱት ወረቀቶች ነበር፤ የብዙዎቹም ባለቤቶች ወንዶች ነበሩ። ስለዚህ መሣሪያው ወንድ መሆን መልካም ምልክት እንደ ሆነ ከዚያ ተማረ። «የሴቶች» የሚል ቃል ያለበትን ወረቀት ዋጋ ቀነሰ፤ የሴቶች ብቻ ከሆኑ ሁለት ኮሌጆች የተመረቁትንም ዝቅ አደረገ። ሠሪዎቹ ሊያርሙት ሞከሩ፤ ዳሩ ግን ሌላ የማድያ መንገድ እንዳያገኝ ማረጋገጥ አልቻሉም። በመጨረሻም ሥራው ተተወ፤ ነገሩንም ሮይተርስ በጥቅምት 2018 ገለጠው። ድርጅቱ በመሣሪያው ብቻ ተመርቶ ሰው እንዳልቀጠረ ተነግሯል። ሆኖም ትምህርቱ ግልጥ ነው፤ ማንም ክፉ ሳያስብ፥ ማንም «ሴቶችን ጣል» ብሎ ሳያዝዝ፥ በደል ሊሠራ ይችላል።

ሁለተኛውን ነገር ስማ። አይቲዩተር ግሩፕ የተባለ በኢንተርኔት የሚያስተምር ድርጅት መሣሪያው 55 ዓመት የሞላቸውንና ያለፉ ሴቶችን፥ 60 ዓመት የሞላቸውንና ያለፉ ወንዶችን በቀጥታ እንዲጥል አድርጓል ተብሎ በአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት ተከሰሰ። በ2023ም ድርጅቱ 365,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ነገሩ እንዴት እንደ ታወቀ ልብ በል። በክሱ እንደ ተጻፈው፥ አንዲት አመልካች ከተመለሰች በኋላ ያንኑ ወረቀት የልደት ዘመኗን ብቻ ወደ ቅርብ ዓመት ለውጣ ደግማ ላከች፤ ለቃለ መጠይቅም ተጠራች። ይህችን ያህል ብልሃት ባታደርግ ኖሮ ሁሉም «አልበቃሁም» ብሎ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር።

ሦስተኛው ወደ እኛ የቀረበ ነው። ትምኒት ገብሩ የተባለችው በአዲስ አበባ የተወለደች ሊቅ፥ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ሆና በ2018 ባሳተመችው ምርመራ፥ የሰውን ፊት አይተው ወንድና ሴትን የሚለዩ ሦስት የታወቁ መሣሪያዎችን ፈተነች። ፊታቸው ነጣ ያለ ወንዶችን ሲያዩ ስሕተታቸው ከ0.8 በመቶ አልበለጠም፤ ፊታቸው ጠቈር ያለ ሴቶችን ሲያዩ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። እንግዲህ አስተውል፤ በዚያው ጊዜ ሃየርቪው የተባለ ድርጅት የአመልካቾችን ቃለ መጠይቅ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ተቀብሎ ፊታቸውን ጭምር የሚመረምር መሣሪያ ለቀጣሪዎች ያቀርብ ነበር። ብዙ ነቀፌታ ከደረሰበት በኋላ የፊት ምርመራውን መተዉን በ2021 አስታወቀ።

፭፤ ይህ መሣሪያ ወደ እኛ ሲመጣ

በሌላ አገር የተሰፋ ልብስ ለእኛ ልክ የሚሆነው በዕድል ነው። የእኛ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም፥ በአባቱና በአያቱ ስም ነው፤ የቤተ ሰብ ስም የሚባል የለንም። ፀሐይ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል አንዱ እንዲህ፥ ሌላው እንዲያ ይጽፈዋል፤ በዲፕሎማውና በመታወቂያው ላይ ያለው ስም ቢለያይ መሣሪያው ሁለት ሰው አድርጎ ሊቈጥር ይችላል። የዘመን አቈጣጠራችንም ልዩ ነው። በሰኔ 2011 ዓ. ም. የተመረቀ ልጅ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2019 የተመረቀ ነው። መሣሪያው 2011ን እንደ አውሮፓ ዓመት ቢወስደው፥ ልጁን ስምንት ዓመት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ያስመስለዋል። ሰው ቢያነበው በአንድ ጥያቄ የሚጠራ ነገር ነበር።

ከዚህም የሚከፋ አለ። በእህል በረንዳ መደብር ውስጥ ያደገ ልጅ አስብ። ጧት መጋዘን ይከፍታል፤ ኩንታሉን ይመዝናል፤ የጫኝና አውራጁን ሂሳብ ይከፍላል፤ ዱቤውን በደብተር ይጽፋል፤ የትኛው ደንበኛ በቀጠሮው እንደሚከፍልና የትኛው እንደሚያጓትት ያውቃል። ማታ ማታም ተምሮ በሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ያዘ። ይህ ልጅ በወረቀቱ «የሥራ ልምድ» በሚለው ስፍራ ምን ይጻፍ? የድርጅቱ ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት የለውም። በእንግሊዝኛ ያማረ ቃል መደርደርም አልለመደ። ሌላው ደግሞ ልምድ ሳይኖረው ወረቀቱን ራሱ በመሣሪያ አስጽፎ፥ መሣሪያ የሚወድደውን ቃል ሁሉ አስገብቶ ይመጣል። መሣሪያ የጻፈውን መሣሪያ አንብቦ ያልፋል፤ ገንዘብ ቈጥሮ ያስረከበው ልጅ ግን በደጅ ይቀራል። ይህ በልጁ ላይ የተደረገ በደል ብቻ አይደለም፤ የቀጣሪውም ኪሳራ ነው።

፮፤ የመሣሪያው ዋስ ማን ነው?

በአገራችን ገንዘብ ያዥ ወይም ዘበኛ ለመቅጠር የሚሻ ሰው «ዋስ አምጣ» ይላል። ይህ ልማድ ድኻውን እንደሚያስጨንቀው አውቃለሁ፤ ነገር ግን በውስጡ ጥበብ አለበት። ጥበቡም ይህ ነው፤ ነገር በተበላሸ ጊዜ «እኔ አለሁ» የሚል ሰው ሳይኖር አደራ አይሰጥም። እንግዲህ አንተ ቀጣሪ ሆይ፥ ለአንዲት የገንዘብ ሣጥን ዋስ የምትጠይቅ፥ የሦስት መቶ ወጣቶችን ተስፋ ለመሣሪያው ስታስረክብ ዋሱ ማን ነው ብለህ ጠይቀሃልን? የሠራው ድርጅት ባሕር ማዶ ነው፤ መሣሪያውም ራሱ አያፍርም፥ አይጸጸትም፥ አይከሰስም። ስለዚህ ዋሱ አንተ ነህ። ሌላ የለም።

ምናልባት፥ «ቀድሞስ ቢሆን ለተመለሰ ሰው ምክንያት የሚናገር ቀጣሪ መች ነበረ?» ትለኝ ይሆናል። ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ልዩነቱን ተመልከት። ቀድሞ ምክንያቱ ተሰውሮ ነበር፤ በቀጣሪው ልብ ውስጥ ግን ነበረ፤ ኅሊናው ሊወቅሰው፥ ዳኛም ሊያስጠይቀው ይችል ነበር። አሁን ግን ቀጣሪው ራሱ አያውቀውም። የተደበቀ ምክንያት ሊገለጥ ይችላል፤ ማንም ያልያዘው ምክንያት ግን ከማን ይፈለጋል? አባቶቻችን በደል የደረሰበት ሰው «አቤት» የሚልበትን ደጅ ይጠብቁ ነበር። ፍርዱ ቢዘገይ እንኳ ሰሚ መኖሩ ለተበደለው መጽናኛ ነበር። ሰሚ የሌለበት ፍርድ ግን፥ በቍጥር ልክ ቢሆን እንኳ፥ ሰውን እንደ እህል መቍጠር ነው።

ምክንያት መናገር ስለ ምን ይህን ያህል ይበልጣል? ምክንያት የተሰጠው ሰው የሚያደርገው ነገር ያገኛል። «ሂሳብ ጐድሎሃል» ቢሉት ሄዶ ይማራል፤ «ዕድሜህ ነው» ቢሉት ይከራከራል፤ «ስሕተት ነው» ብሎም ወረቀቱን ያርማል። ምንም ያልተነገረው ግን ሃምሳ ማመልከቻ ልኮ ሃምሳ ዝምታ ሲቀበል፥ በመጨረሻ ራሱን መጠርጠር ይጀምራል። ከሥራ ማጣት የሚከፋው ይህ ነው።

ሕግም ይህን እያየ መጥቷል። በኒውዮርክ ከተማ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ፥ እንዲህ ባለ መሣሪያ የሚመርጥ ቀጣሪ መሣሪያው እንዳያዳላ በገለልተኛ ሰው እንዲያስመረምርና ለአመልካቹ አስቀድሞ እንዲያስታውቅ ግዴታ ሆነ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 ባወጣው ሕግ ሠራተኛ የሚመርጠውን መሣሪያ ከፍተኛ አደጋ ካለባቸው ወገን ቈጠረው። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 በብሔር፥ በጾታ፥ በሃይማኖት፥ በአካል ጉዳት ማበላለጥን ይከለክላል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016ም ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የማሳረም መብት ሰጥቶታል። ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው ከሳሽ ባለበት ነው፤ በጨለማ የተመለሰ ሰው ደግሞ ምን ብሎ ይከስሳል? ስለዚህ ከሕጉ በፊት የቀጣሪው ኅሊና ሊነቃ ይገባል።

፯፤ ምን እናድርግ?

ቀጣሪ ሆይ፥ መሣሪያውን አትያዝ አልልህም። ወረቀቱን ደርድሮ ቢያቀርብልህ፥ የጎደለውን ቢጠቁምህ መልካም ነው። ነገር ግን ማንንም ሰው ሳያየው አይጣል። በመሣሪያ የምትጠቀም እንደ ሆነ በማስታወቂያህ ላይ ጻፈው። መሣሪያው ከጣላቸው ወረቀቶች ጥቂቱን በየጊዜው አውጥተህ በራስህ ዓይን አንብብ፤ ብልህ ገዢ ከጆንያው ሥር እንደሚያወጣ ማለት ነው። የተመለሰውም ሰው የሚጠይቀው አንድ የታወቀ ሰው ይኑር።

«ሦስት ሺህ ማመልከቻ ቢመጣ ማንበብ አይቻለኝም» ብትል፥ አስቀድመህ ለሥራው በእውነት የሚያስፈልገውን ብቻ በግልጥ ጻፍ፤ ያንን ካሟሉት መካከል ማንበብ የምትችለውን ያህል በዕጣ አውጣ። በዕጣ መምረጥ ስንፍና አይምሰልህ። በእቁብ ዕጣ ያልወጣለት ሰው ይጠብቃል እንጂ አይዋረድም፤ ዕጣ «መርምሬ ናቅሁህ» አይልምና። ሳይመረምር የመረመረ ከሚመስል መሣሪያ፥ አለመመርመሩን የሚያምን ዕጣ በእውነት ይበልጣል።

አመልካች ሆይ፥ አንተም እውነቱን ጻፍ። ቋንቋህን ለማረም በመሣሪያ ብትረዳ ነውር የለበትም፤ ያልሠራኸውን ሠራሁ ማለት ግን ውሸት ነው፥ ማንም ቢጽፍልህ። ዓመቱ በማን አቈጣጠር እንደ ሆነ ግለጥ፤ ስምህንም በሁሉ ወረቀት በአንድ ፊደል አስጽፍ። ያለ ማኅተም የሠራኸውን ሥራም አትናቀው፤ ምን እንደ መዘንህ፥ ምን እንደ ጻፍህ፥ ምን ያህል እንደ ተረከብህ በግልጥ ቃል ጻፈው። ብትመለስም በትሕትና «ስለ ምን?» ብለህ ጠይቅ፤ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ዝም ቢሉህ ግን ዝምታቸውን በራስህ ላይ እንደ ተፈረደ ፍርድ አትቍጠረው።

ተማሪ ሆይ፥ ነገ ይህን መሣሪያ የምትሠራው አንተ ልትሆን ትችላለህ። መዝገቡን ከመስጠትህ በፊት በመዝገቡ ውስጥ ማን እንደሌለ ጠይቅ። ያ የሌለው ሰው ምናልባት አሁን በእህል በረንዳ ኩንታል እየመዘነ ነው።

እህልን ሰፌድ ያበጥረዋል፤ የወደቀውንም ነፋስ ይወስደዋል። ሰውን ግን ሰው ይምረጠው፤ ምርጫውንም በስሙ ይፈርምበት። ስምህን ልትፈርምበት የማትደፍረውን መልስ ለማንም አትላክ።